አዲስ ከተማ ስትገቡ፦ በሰፈር የልጆች መጫወቻ ከሌሎች ወላጆች ጋር እንዴት መተዋወቅ ይቻላል?

የሕፃናት መዋያው ቅጽ ላይ አንዲት ባዶ ቦታ ነበረች። «ወላጆችን ማግኘት ካልተቻለ ማን ይጠራ?» ትላለች። ስም፣ ስልክ፣ ዝምድና። ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ከገባን ሦስተኛ ሳምንታችን ነበር። እስክሪብቶውን እንደያዝኩ ብዙ ቆየሁ። የምጽፈው ሰው አልነበረኝም።

አዲስ አበባ፣ ገርጂ ብንሆን ኖሮ ያቺ ቦታ አትበቃኝም ነበር። እዚያ በር ከተከፈተ ሰው አለ። ልጆቹ ከግቢ ግቢ ይሯሯጣሉ፣ እናቶች ቡና ላይ እንገናኛለን። ልጄ ቢወድቅ ከእኔ ቀድሞ የሚያነሳው አይጠፋም። ማናችንም «እስኪ እንተዋወቅ» ብለን አልተነሳንም። ሰፈሩ ራሱ አስተዋወቀን። እዚህ ግን ሁሉም በመኪናው ወጥቶ በመኪናው ይገባል። ኮሪደር ላይ የምታገኙት ጎረቤት «ሃይ» ብሎ ያልፋል።

ያቺን ባዶ ቦታ የሞላኋት ከሰባት ወር በኋላ ነው። የጻፍኩት ስም የአንዲት እናት ስም ነው። ያገኘኋትም ከቤታችን በእግር አሥር ደቂቃ በሚያስኬድ የልጆች መጫወቻ፣ ዥዋዥዌው አጠገብ ነው። እዚህ አገር የሰፈርን ሥራ የሚሠራው እሱ ነው። ይህ ቶሎ ስላልገባኝ ብዙ ወራት ብቻዬን ከረምኩ። እናንተ እንዲህ እንዳትቆዩ ብዬ ነው የምጽፈው። ምሳሌዎቼ የምኖርበት የዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ ናቸው። ሲያትልም ሆናችሁ ዴንቨር አብዛኛው ይሠራል።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልንገራችሁ። እዚህ የምጠቅሳቸው ሰዓቶች በሙሉ ስልካችሁ ላይ የምታዩዋቸው ናቸው። ለምን እንዳልኩ ወደ ኋላ ይገባችኋል።

1. ከሚያምረው ይልቅ የሚቀርበውን ምረጡ

መጀመሪያ ላይ የተሳሳትኩት እዚህ ነው። ምርጥ የሚባሉትን መጫወቻዎች እየፈለግኩ ልጄን ወሰድኩት። ዊተን ሪጅናል ፓርክ ሄድን፤ ትንሽ ባቡርና የሚሽከረከሩ ፈረሶች አሉት። ቨርጂኒያ ተሻግረን ማክሊን ውስጥ ያለውን ክሌሚጆንትሪ ፓርክም አየን። እሱ በ2006 የተከፈተ ሲሆን፣ በዊልቸር የሚሄዱ ልጆች ከሌሎቹ ጋር አብረው እንዲጫወቱ ታስቦ የተሠራ ነው። የአካል ጉዳት ያለበት ልጅ ካላችሁ አንድ ቀን እንኳ ሂዱ፤ ከልቤ ነው የምላችሁ። ልጄ በሁለቱም ቦታ ደስታውን አልቻለውም። እኔ ግን ማንንም አልተዋወቅኩም። ሰው እዚያ የሚመጣው ከሩቅ ነው። ዛሬ አጠገባችሁ የተቀመጠችውን እናት ዳግመኛ አታገኟትም።

ለመተዋወቅ የምትበጀው ትንሿ የሰፈር መጫወቻ ናት። ሁለት ዥዋዥዌ፣ አንድ ሸርተቴ፣ አንድ ሁለት አግዳሚ ወንበር። እዚያ የሚመጡት በእግር የሚመጡ ሰዎች ናቸው። ሰኞ ያያችኋትን ሐሙስ ታዩዋታላችሁ። ቅዳሜ ደግሞ ሱፐርማርኬት ውስጥ ካሮት ስትመርጥ ታገኟታላችሁ።

ሌላም ምክንያት አለ። የሕዝብ ትምህርት ቤት የሚመደበው በአብዛኛው በመኖሪያ አድራሻ ነው። ሰፈራችሁ መጫወቻ ላይ ከልጃችሁ ጋር አሸዋ የሚዝቀው ልጅ ነገ አንድ ክፍል አብሮት ሊቀመጥ ይችላል። ሜሪላንድ ውስጥ ልጅ ኪንደርጋርተን የሚገባው እስከ ሴፕቴምበር 1 አምስት ዓመት ሲሞላው ነው። ስለዚህ የሦስት ዓመት ልጅ ያላት ጎረቤት ለብዙ ዓመት አብራችሁ ልትሆን የምትችል ሰው ናት።

ካርታችሁ ላይ ፕሌይግራውንድ ብላችሁ ፈልጉና ከቤታችሁ በእግር ሩብ ሰዓት የማያልፉትን ሁሉ ጻፉ። ሲልቨር ስፕሪንግና ታኮማ ፓርክ ለምትኖሩ የስላይጎ ክሪክን መንገድ ተከትላችሁ ብትሄዱ በየቦታው ታገኛላችሁ። ብዙ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች መጫወቻም ከትምህርት ሰዓት ውጪ ለሰፈሩ ክፍት ነው፤ ደጁ ላይ ያለውን ማስታወቂያ አንብቡ።

ከዚያ ሄዳችሁ እዩ። መግቢያው አካባቢ ዕድሜ የሚነግር ጽሑፍ ይኖራል፤ ብዙውን ጊዜ ከ2 እስከ 5፣ ወይም ከ5 እስከ 12 ይላል። የእናንተን ልጅ እኩዮች የምታገኙት የሱ ዕድሜ የተጻፈበት ላይ ነው። አጥር ካለው እሰየው። ልጁ ወደ መንገድ ይሮጣል ብላችሁ ስለማትሳቀቁ ከሰው ጋር ዓረፍተ ነገር መጨረስ ትችላላችሁ። ጥላም እዩ። ጁላይ ላይ ፀሐይ የመታው ሸርተቴ ያቃጥላል፤ ጥላ የሌለበት ቦታ ላይ ማንም ቆሞ አያወራም።

2. ሰዓታችሁን ያዙና አትልቀቁ

ከጽሑፉ ሁሉ አንድ ነገር ብቻ የምትይዙ ከሆነ ይህን ያዙልኝ። ሰው የሚተዋወቀው በመደጋገም ነው። በሳምንት ሁለት ቀን ምረጡ። ሁልጊዜ በዚያው ቀን፣ በዚያው ሰዓት፣ በዚያው መጫወቻ ተገኙ። ቢያንስ አምስት ስድስት ሳምንት።

መጀመሪያ ሳምንት ማንም አያያችሁም። ሁለተኛው ላይ ፈገግታ አለ። ሦስተኛው ላይ አንዷ የልጃችሁን ስም ታስታውሳለች። አራተኛው ላይ ብትቀሩ «ባለፈው ሐሙስ አላየናችሁም» የሚል ይመጣል። እኔ ይህን ዓረፍተ ነገር የሰማሁ ቀን ቤት እስክገባ ፈገግ እንዳልኩ ነበር። አንድ ሰው መቅረቴን አስተውሏል ማለት ነው።

እያንዳንዱ ሰዓት የራሱ ሰዎች አሉት። የሥራ ቀን ጠዋት ከ9:30 እስከ 11:30 ቤት የሚውሉ እናቶችና አባቶች፣ ሞግዚቶችና አያቶች ይመጣሉ። በጣም ጥሩው ሰዓት ይህ ነው። ሰው አይበዛም፣ ልጆቹም አልደከሙም። ከምሳ በኋላ እስከ 3 ሰዓት ባዶ ነው፤ ትንንሾቹ ተኝተዋል። ከ3:30 በኋላ ከትምህርት ቤት የወጡት ይጎርፋሉ። ያኔ ወላጅ ብዙ ነው፤ ግን ሁሉም ተቻኩሏል፣ እራት ያስባል። ቅዳሜና እሑድ ጠዋት አባቶች በብዛት የሚወጡበት ነው። ሌሊት የምትሠሩ፣ ታክሲ ወይም ኡበር የምትነዱ አባቶች ደግሞ የሥራ ቀን ጠዋት ብትሞክሩ ትጠቀማላችሁ። በዚያ ሰዓት አባት ጥቂት ስለሆነ ሰው ቶሎ ያስታውሳችኋል።

ሞግዚቶችን ችላ አትበሏቸው። ሰፈሩን ከሁሉም በላይ የሚያውቁት እነሱ ናቸው። የትኛው ሐኪም ልጅ አያስለቅስም፣ የትኛው መዋያ ቦታ አለው፣ የትኛው ቤተ መጻሕፍት መቼ ተረት ያነባል፣ ሁሉንም ይነግሯችኋል። ከእነሱ ውስጥ አማርኛ የምትናገር ብታገኙ አይግረማችሁ።

3. ቦርሳችሁ ውስጥ ልጅ የሚሰበስብ ነገር ይኑር

ዳይፐር፣ ዋይፕስ፣ ውኃ፣ ቅያሪ ልብስ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። እኔ የምጨምረው ሁለት ነገር ነው። የሳሙና አረፋ የሚነፋበት ዕቃና ለመሬት የሚሆን ወፍራም ጠመኔ። ሁለቱም ከዶላር መደብር በትንሽ ገንዘብ ይገኛሉ። አረፋውን ስትነፉ በአንድ ደቂቃ ውስጥ አምስት ልጅ ይከባችኋል። ልጆቹን ተከትለው ወላጆቹ ይመጣሉ። ቋንቋ አይጠይቅም። እንግሊዝኛዬ ያስፈራኝ በነበረበት ጊዜ ያዳነኝ አረፋ ነው።

ኳስም ይሠራል፤ ግን ወደ መንገድ የማይንከባለልበት ቦታ ይሁን። ይዛችሁ የምትሄዱት መጫወቻ ሁሉ ሌላ ልጅ ይነካዋል። ልጃችሁ የማያካፍለውን፣ የሚያለቅስለትን መኪና ቤት አስቀምጡት።

ምግብ ላይ ግን ተጠንቀቁ። እኛ ልጅ አጠገባችን ቆሞ እያየ ብቻችንን መብላት ነውር ነው ብለን ነው ያደግነው። ብርቱካን ልጠን ለሁሉም እናካፍላለን። እዚህ የሰው ልጅ አፍ ውስጥ ምንም ነገር ከመግባቱ በፊት ወላጁ ይጠየቃል። ለውዝ፣ ወተት፣ እንቁላል፣ ሰሊጥ ሕይወት ላይ የሚያደርስ አለርጂ ያለባቸው ልጆች አሉ። ዳቦ ቆሎ ውስጥ እንኳ ምን እንዳለ ማወቅ ይፈልጋሉ። «ኢዝ ኢት ኦኬ ኢፍ ሂ ሃዝ ዋን?» በቂ ነው። ለሴት ልጅ «ሂ» የሚለውን «ሺ» በሉት። ይህ ጥያቄ ራሱ ወሬ ይከፍታል። ሌሎችም ለልጃችሁ ምግብ ሲያቀርቡ አትፈሩ፤ ልጃችሁ የሚጾም ከሆነ ወይም የማይበላው ነገር ካለ በግልጽ ተናገሩ።

4. የመጀመሪያዋ ዓረፍተ ነገር

ብዙዎቻችንን የሚይዘን ይሉኝታ ነው። «ምን ትለኛለች? እንግሊዝኛዬስ?» እንላለን። እውነቱን ልንገራችሁ፣ አጠገባችሁ የተቀመጠችውም ሴት ያንኑ እያሰበች ሊሆን ይችላል። መጫወቻ ላይ የሚያዳግት እንግሊዝኛ የለም። ሁሉም ሰው የሚጀምረው በልጁ ዕድሜ ነው። «ሃው ኦልድ ኢዝ ሺ?» ብላችሁ ጠይቁ። ከዚያ «ዱ ዩ ከም ሂር ኦፍን?»፣ ብዙ ጊዜ እዚህ ትመጣላችሁ ወይ ማለት ነው። ሦስተኛዋ ደግሞ ከሁሉም የጠቀመችኝ ናት፦ «ዊ ጀስት ሙቭድ ሂር»፤ አዲስ ገባን።

አዲስ መሆናችሁን አትደብቁት። እኔ ደብቄው ነበር፤ ሰው የሚንቀኝ መስሎኝ። አንድ ቀን ልጄ ትኩሳት ይዞት ካገገመ በኋላ «አዲስ ነን፣ ጥሩ የሕፃናት ሐኪም ታውቂያለሽ?» ብዬ አንዷን ጠየቅኳት። ስልኳን አውጥታ ሁለት ስም ሰጠችኝ። ስለ ኢንሹራንስም አስረዳችኝ። በሚቀጥለው ሳምንት «ሄድሽ? እንዴት ነበር?» ብላ ራሷ መጣች። ትንሽ እርዳታ የጠየቃችሁት ሰው ውጤቱን ማወቅ ይፈልጋል። ስለዚህ ጠይቁ። ጫማ ከየት እንደሚገዛ፣ የልጅ ፀጉር መቁረጥ የለመደ ሰው፣ ዋና የሚያስተምር ቦታ። ምክር የጠየቃችሁትን ሰው ዳግም ስታገኙ አመስግኑ። ወሬው ከዚያ ይቀጥላል።

አንዳንድ ጥያቄዎች ለእኛ የቅርበት ምልክት ናቸው፤ እዚህ ግን ሰውን ያርቃሉ። ኪራይ ስንት ትከፍላላችሁ፣ ደመወዝሽ ስንት ነው፣ አባቱ የት ነው፣ ለምን ሁለተኛ አትወልጂም፣ ወረቀትሽ አለቀ ወይ። በተለይ የመጨረሻው ሰው ያስደነግጣል። «ወፍረሻል» የሚለውም እንደ አገር ቤቱ ምስጋና አይደለም።

የሰው ልጅ ጉንጭ መቆንጠጥ፣ መሳም፣ ማቀፍም ይቅር። ልጅ የምንወደው እንዲህ ስለሆነ ከባድ ነው። አውቃለሁ። እጅ ማውለብለብና ስሙን ጠርቶ ሰላም ማለት ይበቃል። የሌላ ሰው ልጅ በፎቶአችሁ ውስጥ ከገባ ቲክቶክም ሆነ ፌስቡክ ላይ አታውጡት።

5. ሀበሻ ስታዩ

ዋሽንግተን ዲሲና ዙሪያው ከአገር ውጪ እጅግ ብዙ ኢትዮጵያውያን ከሚኖሩባቸው ቦታዎች አንዱ ነው። የካውንቲያችን (የአካባቢው አስተዳደር) ትምህርት ቤቶች ለወላጆች የሚያወጡትን ብዙ መረጃ በአማርኛ ጭምር ታገኛላችሁ። ስለዚህ መጫወቻው ላይ ሀበሻ ማየታችሁ አይቀርም። የሚገርመው ግን ብዙ ጊዜ እንተያይና ዝም እንላለን። እሷ እኔን ትጠብቃለች፣ እኔ እሷን።

እናንተ ጀምሩ። «ሰላም፣ ሀበሻ ናችሁ?» በቂ ነው። አማርኛ ይናገራሉ ብላችሁ ግን አትገምቱ። ትግርኛ፣ ኦሮምኛ ወይም ሌላ ቋንቋ የሚናገሩ ሊሆኑ ይችላሉ፤ ከኤርትራ የመጡም አሉ። እዚህ ተወልደው ያደጉ ወላጆች ደግሞ አማርኛ ይሰማሉ፣ መልሱን በእንግሊዝኛ ይሰጣሉ። በሚቀናቸው ቋንቋ አውሯቸው። የት ክፍለ ሀገር፣ ምን ሃይማኖት፣ የማን ደጋፊ የሚለውን ለሌላ ቀን ተዉት። ልጅ ይዛችሁ ቆማችኋል፤ ስለ ልጅ አውሩ። ልጁ አማርኛ እንዳይጠፋበት ምን ታደርጋላችሁ ብላችሁ ጠይቁ። ይህ ጥያቄ የማያናግረው የሀበሻ ወላጅ እስካሁን አላጋጠመኝም።

አያቶቹን አደራ። ልጃቸውን ለማረስ ከአገር ቤት መጥተው የከረሙ እናቶች ጠዋት ጠዋት ጋሪ እየገፉ ይመጣሉ። ነጠላቸውን ደርበው ወንበሩ ጫፍ ላይ ይቀመጣሉ። ቀኑን ሙሉ የሚያናግራቸው ሰው ላይኖር ይችላል። ቀረብ ብላችሁ ጎንበስ በሉና «እንዴት አደሩ እናቴ?» በሏቸው። የእኔ የመጀመሪያዋ የአማርኛ ወዳጄ እንዲህ ያሉ የጎንደር ሴት ነበሩ። ስለ ከብታቸው፣ ስለ ክረምቱ፣ ስለ ልጃቸው የምጥ ሌሊት አጫወቱኝ። በሁለተኛው ሳምንት «ልጄ ሥራ ስለምትውል አታውቅሽም፤ እሑድ ነይና ተዋወቂያት» አሉኝ። በአያት በኩል የሚመጣ ትውውቅ ሥሩ ጠንካራ ነው።

አንድ ጥንቃቄ አለ። ሦስት አራት ሀበሻ ስንሆን አንድ ወንበር ይዘን በአማርኛ ብቻ እናወራለን። ደስ ይላል። ግን አጠገባችን ብቻዋን የቆመችው የኤል ሳልቫዶር ወይም የቬትናም እናት በር የተዘጋባት ይመስላታል። ገለጥ በሉላት። አጠር አድርጋችሁ ምን እያወራችሁ እንደሆነ ንገሯት።

6. ልጆቹ ሲጣሉ

ይጣላሉ። ይገፋፋሉ፣ አሸዋ ይበታተናሉ፣ ዥዋዥዌ አልወርድም ይላሉ። ይህን ጊዜ የምታሳዩት ጠባይ ከአሥር ሰላምታ በላይ ይታወሳል።

የእናንተ ልጅ ከመታ መጀመሪያ ወደ ተመታው ልጅ ሂዱ። «ደህና ነህ?» በሉት፣ ወላጁን ይቅርታ ጠይቁ፣ ከዚያ ልጃችሁን ወደ ጎን ወስዳችሁ ዝቅ ብላችሁ አነጋግሩት። ሰው ፊት መምታትና መጮህ እዚህ ሌላ ትርጉም ይሰጠዋል፤ ለልጁም አይበጀውም። የሌላው ልጅ የእናንተን ከመታ ደግሞ ልጃችሁን አንሱና አባብሉት። የሰውን ልጅ ግን አትቆጡ። አገር ቤት ማንም ትልቅ ሰው ልጅ ይቆጣል፤ ወላጁም «እሰይ» ይላል። እዚህ ጠብ ይሆናል። አደጋ ላይ ያለ ልጅ ካያችሁ ብቻ ያዙት፤ ወዲያው ወላጁን ጥሩ።

ዥዋዥዌ ላይ ሰው ከተሰለፈ እናንተ ቀድማችሁ «አሥር ጊዜ እንግፋና ተራ እንለቃለን» በሉ፤ ጮክ ብላችሁ ቁጠሩ። እኔ በአማርኛ ነው የምቆጥረው። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ሰልፍ ላይ ያለችው ልጅ አብራ መቁጠር ጀመረች። አሁን እስከ አሥር ታውቃለች። ቅጹ ላይ ስሟን የጻፍኩት የዚያች ልጅ እናት ናት።

7. ስልክ መቀያየር

በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው መገናኘት ላይ መሆኑ ደስ ይላል። በመጀመሪያው ቀን ሰው ይከብደዋል፤ ስድስት ወር ከጠበቃችሁ ደግሞ ሌላ ከተማ ይገባሉ። እዚህ ሰው ይንቀሳቀሳል። ስትሰነባበቱ «ሐሙስ ጠዋት እንመጣለን፤ ስልክ ብንለዋወጥ እነግርሽ ነበር» በሉ። በእንግሊዝኛ «ዱ ዩ ወንት ቱ ኤክስቼንጅ ነምበርስ?» ነው።

ቁጥሯን ስትቀበሉ እዚያው ቆማችሁ ቴክስት ላኩ። ስማችሁን፣ የልጃችሁን ስምና የመጫወቻውን ስም ጻፉ። አለበለዚያ ሁለታችሁም በሁለተኛው ቀን ትረሱታላችሁ። ስልኬ ውስጥ የብዙዎቹ ስም «የሶፊያ እናት»፣ «የኖኅ አባት» ተብሎ ነው የተመዘገበው። አገር ቤትም እናት የምትጠራው በልጇ ስም አይደል? እዚህም እንደዚያው ሆኖ ሳየው ደስ አለኝ።

የቤት አድራሻ ገና ነው። ልጃችሁንም ገና ለማታውቁት ሰው «አንዴ ያዥልኝ» ብላችሁ ትታችሁ አትሂዱ። መተማመን ጊዜ ይፈልጋል፤ እነሱም እንዲህ ነው የሚያስቡት።

8. ከመጫወቻው ወደ ቤት

ሰዎች «ዊ ሹድ ጌት ቱጌዘር ሰምታይም» ይሏችኋል። እኔ በመጀመሪያ ቀጠሮ መስሎኝ ጠበቅኩ። እኛ በር ላይ ቆመን «ግቡ እንጂ፣ ቡና ጠጡ» እንደምንለው ያለ ነው። ከልብ ነው፣ ግን ቀን የለውም። ቀኑን እናንተ ስጡት። «ቅዳሜ ከ10 እስከ 11:30 ስላይጎ ክሪክ እንሆናለን፤ ትመጣላችሁ?» ሲባል ሰው አዎ ወይም አይ ይላል። መጨረሻውን ሰዓት መናገር አገር ቤት «ውጡልኝ» ይመስላል። እዚህ ግን ሰውን ያሳርፈዋል፤ የልጁን እንቅልፍና የቀኑን ሥራ ያመቻችበታል።

አሁን ሰዓቱን እናንሳ። አንዲት እዚህ ያደገች ሀበሻ እናት «ቅዳሜ በ4» ብላኝ ነበር። እኔ ከአገር ቤት በመጣሁበት አቆጣጠር ጠዋት ሄድኩ። እሷ ከሰዓት በኋላ መጣች። ልጄ እዚያ አንድ ሰዓት ሙሉ «መቼ ይመጣሉ?» እያለ ጠበቀ። ከዚያ ወዲህ ከሀበሻ ጋር ስቀጣጠር ሁልጊዜ ጠዋት ወይም ከሰዓት ብዬ ጨምሬ በቴክስት እልካለሁ። እናንተም እንዲሁ አድርጉ።

ልጃችሁ ወደ ሌላ ሰው ቤት ከመሄዱ በፊት ሦስት ነገር ጠይቁ። ውሻ አለ? መዋኛ አለ? ቤት ውስጥ መሣሪያ ካለ ተቆልፎበታል? ሦስተኛው ያሳፍራል ብላችሁ አትተዉት። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ ወላጆች ይህን እንዲጠይቁ ይመክራል። እኔ እንዲህ ብዬ ነው የምልከው፦ «ሁልጊዜ የምጠይቀው ነው፤ ቤታችሁ ውስጥ መሣሪያ ካለ ተቆልፎ ነው የሚቀመጠው?» እስካሁን የተቆጣኝ የለም። ሁለቱ እንዲያውም አመስግነውኛል።

እንግዶቹ ወደ እናንተ ሲመጡ አለርጂውን ቀድማችሁ ጠይቁ። ምግቡን አቅርቡና ተዉት። «ብሉ፣ በሞቴ» የሚለው ፍቅር መሆኑን ስለማያውቁ ይጨነቃሉ። ጉርሻ ከፈለጋችሁ መጀመሪያ ምን እንደሆነ ንገሯቸው፤ ከዚያ ከፈቀዱ። ቡና ግን አፍሉላቸው። ጀበናና ሲኒ ያየች እናት ሌላ ጊዜም ትመጣለች። አፓርታማ የምትኖሩ ከሆነ ቡናውን የምትቆሉት መስኮት ከፍታችሁ፣ የምድጃውን አየር ማውጫ አብርታችሁ ይሁን፤ የጭስ ማስጠንቀቂያው ሲጮህ ሕፃናት ይደነግጣሉ። ዕጣንም ከማጨሳችሁ በፊት አስም ያለበት ልጅ እንዳለ ጠይቁ።

መልስ የማይሰጥ ሰውም ያጋጥማል። ሁለት ጊዜ ጋብዛችሁ ዝም ካለች ተዉት፤ ስትገናኙ ግን እንደወትሮው ሰላም በሏት። የታመመ ወላጅ፣ የተበላሸ ትዳር፣ የሌሊት ሥራ ሊኖርባት ይችላል። አንዷ ከአራት ወር በኋላ ራሷ ጻፈችልኝ። እናቷ ሞተውባት ነበር። ሰዓታችሁ ላይ ጭራሽ ሰው ካልተገኘ ደግሞ ሰዓቱን ወይም ቀኑን ቀይሩት። ከረቡዕ ወደ ማክሰኞ መቀየር ብቻ ሌላ ሰፈር የገባችሁ ያህል ይሆናል።

9. ብርዱ ሲመጣ

በኖቬምበር የመጀመሪያው እሑድ ሰዓት አንድ ወደ ኋላ ይመለሳል። ዲሴምበር ላይ እዚህ ፀሐይ የምትጠልቀው 5 ሰዓት ሳይሞላ ነው። ከትምህርት ቤት በኋላ ይሞላ የነበረው መጫወቻ በአንድ ሳምንት ውስጥ ባዶ ይሆናል። የመጀመሪያው ዓመት ይህን ስላላወቅኩ የተዋወቅኳቸውን ሰዎች በሙሉ ያጣሁ መሰለኝ።

ስለዚህ ኦክቶበር ላይ ስልክ ያልተቀበላችሁትን ተቀበሉ። «ብርዱ ሲመጣ የት ነው የምትሄዱት?» ብላችሁ ጠይቁ። ብዙዎቹ የሚሏችሁ ቤተ መጻሕፍት ነው። የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ለሕፃናት የተረት ሰዓት አላቸው፣ በነፃ ነው። ወላጅ ምንጣፍ ላይ ልጁን አቅፎ ይቀመጣል፣ ይዘፈናል፣ ይጨበጨባል። ሲያልቅ ማንም ቶሎ አይወጣም። የሲልቨር ስፕሪንግ ቤተ መጻሕፍት መሀል ከተማ፣ ፌንተን ጎዳና ላይ ነው፤ ከዚያ ወጥቶ የሀበሻ ቤት ገብቶ ሻይ መጠጣት ይቻላል። ፕሮግራሙ ስለሚቀያየር ቀኑን ከየቤተ መጻሕፍታችሁ ጠይቁ። የካውንቲው የስፖርትና የመዝናኛ ማዕከላትም አሉ።

ደረቅና ፀሐያማ የክረምት ቀን ሲገኝ ግን መጫወቻውን አትተዉት። በዚያ ብርድ የሚመጡት ሁለት ሦስት ወላጆች ናቸው፤ ሁሉም ሰው ማውራት ይፈልጋል። ወፍራም ካፖርት፣ ጓንት፣ በፔርሙዝ ሻይ። ትርፍ የወረቀት ኩባያ ያዙ።

በማርች ሁለተኛው እሑድ ሰዓቱ ወደ ፊት ይሄዳል። በዚያው ሳምንት ከ3:30 በኋላ ውጡ። ክረምቱን ሙሉ ቤት የከረሙት ሁሉ ይመጣሉ። ተረት ሰዓት ላይ ያገኛችኋቸውን እዚያ ታዩዋቸዋላችሁ፤ በዚያ ሳምንት አዲስ የገቡም ይኖራሉ። አረፋውን አትርሱ።